አባቴ ሲራመድ ባቱን ይይዘዋል፤ ለደም ዝውውር የሚሆን ቅመም ወይም እንክብል የምታውቁ?

የከዚራ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነው ያለነው። አባቴ ስልሳዎቹን አጋምሷል። ምድር ባቡር ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ድሮ በእግሩ የማይደርስበት ቦታ አልነበረም። አሁን ግን ከቤት ወጥቶ ቀፊራ ገበያ ሳይደርስ የግራ ባቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ግድግዳ ተደግፎ ትንሽ ሲቆም ይለቀዋል። እንደገና ይራመዳል፣ እንደገና ይይዘዋል። ማታ ደግሞ እግሩ ይቀዘቅዝበታል። በዚህ በድሬ ሙቀት ካልሲ አድርጎ ነው የሚተኛው።

ስኳርና ግፊት አለበት። ጎረቤታችን «ደሙ ወፍሮ ነው፤ ዝውውሩ ደክሟል» ብላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ማር አፍልተን በባዶ ሆድ እንድንሰጠው ነገረችን። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከዱባይ ጊንኮ የሚባል፣ ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ እንክብል አምጥቶለታል። ገና አላስጀመርነውም። የምታውቁ ካላችሁ የትኛው እንደሚሻለው ምከሩኝ።

አቦ ድሬ

አቦ አይዞሽ! እኛ ቤት ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ከጠፋ ቤቱ የለም። አባባ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ በማር ይውጣሉ። ግፊታቸው ልክ ነው፣ እንደ ወጣት ነው የሚራመዱት። ስጪው፣ የምግብ ነገር ምን ይጎዳል ብለሽ ነው?

ፋርማሲስቷ

እህቴ፣ ቸኩለሽ ምንም ሳትጀምሪ መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ከቅመሙ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። አባትሽ የሚወስዱት መድኃኒት ምን ምን ነው? ስሙን ከማሸጊያው ላይ አንብበሽ ጻፊልኝ። በተለይ አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን አለበት ወይ? ዋርፋሪን ሰው «የደም ማቅጠኛ» የሚለው ነው። መልሱን ሳላውቅ ይሄን ስጪ፣ ያንን ተዪ ማለት አልችልም።

አቦ ድሬ፣ የአባባን ጤና ያቆይልህ። ግን ለእሳቸው የተስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ሰውየው አብሮት የሚወስደው መድኃኒት ነው።

የከዚራ ልጅ

እሺ፣ አየሁት። ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን፣ ደግሞ አስፒሪን 81 ሚሊ ግራም ነው። ዋርፋሪን የለም። ረስቼው ነበር፣ ቁርጭምጭሚቱም ማታ ማታ ያብጣል። ሁለቱም እግሮቹ።

ፋርማሲስቷ

አመሰግናለሁ። በይ አንድ በአንድ እንየው።

ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ፣ ወይም በቀን አንድ ሁለት ፍሬ፣ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ግፊትን በትንሹ ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ጥቅሙ ያለበት አሊሲን የሚባለው ነገር የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቆስ ነው። ሳይደቆስ ከዋጡት ብዙም አይወጣም። ደቁሰሽ አሥር ደቂቃ ያህል አቆይተሽ ምግብ ውስጥ ብትጨምሪው ይሻላል። የተጨመቀው የነጭ ሽንኩርት እንክብል ግን ሌላ ነገር ነው። መጠኑ ከፍ ይላል፣ ከአስፒሪን ጋር ሲሆን መድማትን ሊያበዛ ይችላል።

ዝንጅብልም እንደዚሁ ነው። በሻይ ይጠጡ፣ በወጥ ይብሉ። በማንኪያ እየተለካ በየቀኑ እንደ መድኃኒት ሲወሰድ ግን ከአስፒሪኑ ጋር ተደራርቦ ደም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋል።

ማሩን ተዪው። ስኳር ላለበት ሰው በባዶ ሆድ ማር ምን ሊሠራ ነው? ማርም ስኳር ነው። ጤናማ ነው ስለተባለ ደም ውስጥ ሲገባ አይለወጥም።

ጊንኮውን አታስጀምሩት። ለእግር ደም ሥር መጥበብ የተደረጉት ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘበትም። ለመርሳት ይጠቅማል እየተባለም ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ አዛውንቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ትልቅ ጥናት የመርሳት በሽታን እንዳልከላከለ ነው ያሳየው። ከአስፒሪን ጋር ደግሞ የመድማት ስጋት አለው። ጥቅሙ ያልታየ፣ ስጋቱ ያለ ነገር ለምን ይዋጣል? በሻንጣ የመጣ እንክብል ውስጥ በእርግጥ ምን እንዳለ ማረጋገጥም ከባድ ነው።

የቁርጭምጭሚቱ እብጠት ደግሞ የዝውውር ድካም ላይሆን ይችላል። አምሎዲፒን ራሱ እግር ያሳብጣል። የታወቀ ባሕርዩ ነው። ሰው መድኃኒቱ ያመጣውን እብጠት በዕፅ ለማስወጣት ሲደክም በየጊዜው አያለሁ። ለሐኪሙ ቢነገረው መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይቀይረዋል። ኩላሊትና ልብንም ማየት ሊያስፈልግ ይችላል። ግን እናንተ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት አደራ!

ሲስተር ሳቢያን

ነርስ ነኝ። ፋርማሲስቷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቅመሙ አይደለም። የጻፍሽው ምልክት ነው።

ሲራመዱ ባት ይይዛል፣ ሲቆሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፣ ሲራመዱ ይመለሳል። ይህ «ደም ወፈረ» የሚባል ነገር አይደለም። ወደ እግር የሚወርደው የደም ቧንቧ ሲጠብ የሚመጣ የታወቀ ምልክት ነው። ጡንቻው ሲሠራ ብዙ ደም ይፈልጋል። በጠበበው ቧንቧ የሚደርሰው አይበቃውም፣ ስለዚህ ያማል። ሲያርፍ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙም ይለቃል። ስኳር፣ ግፊት፣ ሲጋራና ኮሌስትሮል ናቸው ዋና ምክንያቶቹ።

ምርመራው ቀላል ነው፣ ብዙም አያስወጣም። ሐኪሙ መጀመሪያ የእግሩን የደም ምት በጣቱ ይፈልጋል። አንደኛው እግር ጀርባ ላይ ነው፣ ሌላው ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ። ቀጥሎ የቁርጭምጭሚቱን ግፊት ለክቶ ለክንዱ ግፊት ያካፍላል። ጤነኛ ሰው ላይ 1 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከ0.9 በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደም ሥሩ ሊደርቅ ስለሚችል ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። ስኳር እንዳለባቸው ቀድማችሁ ንገሩ።

ይህ ቧንቧ እግር ላይ ከጠበበ ልብና ጭንቅላት ላይም ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው በሻይ ማለፍ የሌለበት። ተኝተው ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው ሕመም ካለ፣ እግራቸውን ከአልጋ ሲያንጠለጥሉ ከቀለላቸው ወይም የማይድን ቁስል ካለ ነገ ዛሬ አትበሉ። እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣና ከደነዘዘ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠና ከሞቀም እንዲሁ። ይህኛው የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀዝቅዟል ብላችሁ እግራቸውን የፈላ ውኃ ውስጥ እንዳትነክሩ፣ የሙቅ ውኃ ላስቲክም እንዳታስጠጉ። ስኳር ያደነዘዘው እግር ሙቀቱን አይለይም። ቆዳው ተልጦ ነው የሚያዩት። ካልሲው ይበቃል።

እናት ከጁገል

ልጄ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ ሐረር ነው ተወልጄ ያረጀሁት። ቅመም ሸምቼ፣ ለቅሜ፣ ፈጭቼ ነው ልጆች ያሳደግሁት። ቅመም መድኃኒት ነው ሲባል ደስ ይለኛል። ግን ልጆቹ እንዳሉት ሁሉም በልኩ ነው።

ከገዛሽ አይተሽ ግዢ። ቀረፋ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ወፍራም ነው፣ እንደ ቅርፊት አንድ ጊዜ ብቻ የተጠቀለለ፣ በእጅ ለመስበር የሚያስቸግር። ሌላው ስስ ነው፣ ብዙ ንብርብር ያለው፣ ሲነኩት ፍርክስክስ የሚል። ለወጡ ወፍራሙም ይሆናል። በየቀኑ ሻይ ለሚጠጣ ግን ስሱን እመርጣለሁ። እርድን ደግሞ ዱቄቱን አልገዛም። ሥሩን ደረቁን ገዝቼ እቤት አስወቅጣለሁ። ዱቄት ሲሆን ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል? ሰብሬ ውስጡን አያለሁ፣ አሸትተዋለሁ። ሽታ የሌለው እርድ ያረጀ ነው።

ለእግር ደም እኛ የምናውቀው ጥቁር አዝሙድና አብሽ ነው። እስቲ ፋርማሲስቷ እነሱን ንገሪን።

ፋርማሲስቷ

እማማ፣ እጅዎ ይባረክ። የቀረፋው ነገር ትልቅ ቁም ነገር ነው። ወፍራሙ ቀረፋ ኩማሪን የሚባል ነገር በብዛት አለው። በየቀኑ በማንኪያ የሚወስድ ሰው ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። ስሱ የሲሎን ቀረፋ ላይ በጣም ትንሽ ነው ያለው። የእርዱም እንዲሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ ዱቄቱ እንዲያበራ እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ሲቀላቀልበት ተገኝቷል። ሥሩን ገዝቶ ማስፈጨት ብልህነት ነው። እርድና ቁንዶ በርበሬ አንድ ላይ ሲወሰዱ ሰውነት እርዱን በብዙ እጥፍ ይቀበለዋል። በወጥ መልካም ነው። በእንክብል ሲሆን ግን ቁንዶ በርበሬው የሌሎች መድኃኒቶችንም መጠን ደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ጥቁር አዝሙድ ግፊትንና ስኳርን በትንሹ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ዳቦ ላይ፣ ድልህ ውስጥ፣ በትንሽ ማንኪያ ይሁን። ዘይቱን በብዛት መጠጣት ግን ስኳርና ግፊት መድኃኒት ላይ ላለ ሰው ልኬት ይፈልጋል። አብሽም ስኳር ያወርዳል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን አያሰጋም። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር እንክብል ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ሊያልበውና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።

ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ማንም ያላነሳው ነው። ተልባ! ካናዳ ውስጥ ልክ እንደ የከዚራ ልጅ አባት የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ 110 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። ገሚሶቹ በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ በዳቦና በመሳሰለው ውስጥ በሉ። ስድስት ወር ላይ የላይኛው ግፊት ካልበሉት ጋር ሲነጻጸር በ10 ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለምግብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጠበበውን ቧንቧ ግን አይከፍትም፣ ይህን እወቁልኝ።

30 ግራም በሾርባ ማንኪያ አራት ገደማ ነው። በአንዴ አትጀምሩት፣ ሆድ ይነፋል። በአንድ ማንኪያ ጀምሩ። ሳይፈጭ ከሆነ እንደገባ ይወጣል፣ ስለዚህ ይፈጭ ወይም ይወቀጥ። ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፍጩ። ከተፈጨ በኋላ ዘይቱ ቶሎ ይሻግታል፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ይብስበታል። ስኳር የለበትም፣ ማርም የለበትም፣ በውኃ ብቻ በጥብጣችሁ ስጡ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ያስከትሉበት። ከመድኃኒት ጋር ሁለት ሰዓት ይራራቅ፣ ተልባው መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ያዘገየዋል።

የልብ ታካሚዋ ልጅ

ይቅርታ ልግባ። እናቴ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ዋርፋሪን ላይ ናት። እዚህ ክር ላይ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የሚያነብ ካለ እባካችሁ ስሙኝ።

የደሟን የመርጋት መጠን በየጊዜው እናስለካለን። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደሟ ለመርጋት ይዘገያል ማለት ነው። ሐኪሟ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው መሃል እንዲሆን ነው የሚፈልገው። ባለፈው ዓመት አንዲት የታወቁ የባህል ሐኪም የዝንጅብል፣ የእርድና የነጭ ሽንኩርት ድብልቅ በማሰሮ ሰጧት። «ደም ያጠራል» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ አልቆም አለ። ክንዷ ላይ ሳትመታ የበለዘ ነገር ታየ። ስናስለካ ቁጥሩ ከ5 በላይ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ሳይደማ ደረስን።

በሌላ በኩል ጎመን አለ። ጾም ሲገባ ጎመን በጎመን ትሆንና ቁጥሩ ይወርዳል። ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያከሽፋል አሉን። ጎመን ተዪ ግን አላሏትም። በየሳምንቱ እኩል መጠን ብዪ ነው ያሏት። አሁን በዚያው ነው የምንሄደው።

ፋርማሲስቷ

እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። ሰው «ዕፅ ነው፣ ምን ያደርጋል» ሲለኝ የዋርፋሪንን ታሪክ ነው የምነግረው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በ1920ዎቹ የሻገተ የከብት መኖ የበሉ ላሞች ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። ከዚያ ሣር የተገኘው ነገር ነው ለዋርፋሪን መነሻ የሆነው። መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ነበር። ለሰው መድኃኒትነት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ዋናው መጠኑ ነው።

ዋርፋሪን ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ እንክብልም ሆነ ማሰሮ ሙሉ ድብልቅ ሳታማክሩ አትጀምሩ። ቀዶ ጥገና ወይም ጥርስ ማስነቀል ያለባችሁም ምን ምን እንደምትወስዱ ቀድማችሁ ተናገሩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጊንኮ፣ የዓሣ ዘይት፣ ሁሉንም።

አወዳይ መንገድ

ሂጃማስ? ሰፈራችን ዋግምት የሚሠሩ አሉ። የደከመ ደም ያወጣል ይላሉ። ደግሞ እኔ ጫት እቅማለሁ። ስቅም እጄ ይቀዘቅዛል፣ ጣቶቼ ይነጫሉ። ይህም ዝውውር ነው?

ሲስተር ሳቢያን

ወንድሜ፣ በግልጽ ስለጠየቅህ ጥሩ አደረግህ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ። ደም ሥርን ያኮማትራል፣ የልብ ምትና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጣትህ የሚነጣው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ላይ ሲጋራ ከተጨመረ፣ ለሰዓታት እግር አጥፎ መቀመጥ ከተጨመረ፣ ለስላሳ በላዩ ከተጠጣ ደም ሥር ምን ዕረፍት ያገኛል? ጫት በሐረርጌ የኑሮ አካል እንደሆነ አውቃለሁ። የብዙ ቤተሰብ እንጀራም ነው። ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ግን ከየትኛውም ቅመም ይልቅ ጫትና ሲጋራ መተው ነው የሚያተርፈው። መተው ካቃተህ መቀነስ። በየመሃሉ ተነሥተህ ተራመድ፣ ውኃ ጠጣ።

ሂጃማን በእምነትም በባህልም ሰው ያከብረዋል፣ እኔም አከብራለሁ። ግን ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን የሚወስድ ሰው፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩን አያስበጣ። ቁስሉ አይድንለትም። ለሌላውም ቢሆን ምላጩ አዲስ ይሁን፣ ከማሸጊያው ሲወጣ በዓይንህ እየው። ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስና ኤችአይቪ በምላጭ ይተላለፋል።

እናት ከጁገል

የቡና ቅጠል ቁጢያችንንስ? ጨውና ወተት አድርገን ነው የምንጠጣው።

ሲስተር ሳቢያን

እማማ፣ ቁጢው ይጠጣ፣ ጨው ግን ይቀነስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ ሙሉ የሚለው ከ5 ግራም በታች ነው። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ወጡም፣ ዳቦውም፣ ቁጢውም አብረው ነው የሚቆጠሩት።

የከዚራ ልጅ

ሄድን። ሐኪሙ የግራ እግሩን ምት ብዙ ፈልጎ በጭንቅ አገኘው። ልኬቱ 0.7 ሆነ። አስፒሪኑን ቀጥል አለው፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን ጨመረለት፣ አምሎዲፒኑን ቀየረው። ከሁሉም በላይ መራመድ አለብህ አለው። አባቴ ተገረመ። «የሚያመኝ ስራመድ ነው፣ እንዴት ተራመድ ይለኛል?» ይላል። እኔም አልገባኝም። ደግሞ በዚህ ሙቀት የት ይራመድ?

ሲስተር ሳቢያን

ጎሽ! ሐኪሙ ልክ ነው። በዚህ በሽታ መራመድ ራሱ መድኃኒት ነው። ጡንቻው በሚደርሰው ደም በደንብ መጠቀምን ይለምዳል፣ ትንንሽ ደም ሥሮችም ይረዱታል። ጥቅሙ በጥናት ከተረጋገጡት ሁሉ የፊተኛው ነው። ጊንኮ ያላደረገውን ያደርጋል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ሕመሙ ጠንከር እስኪል ይራመዱ። ያኔ ይቁሙ ወይም ይቀመጡ። ሙሉ በሙሉ ሲለቃቸው እንደገና ይነሡ። ዕረፍቱን ጨምሮ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። መጀመሪያ አካባቢ ለውጥ አይታይም፣ ተስፋ አይቁረጡ። ደረታቸውን ከያዛቸው ግን ወዲያው ያቁሙና ለሐኪም ይንገሩ።

ቦታው ከዚራ ነው። ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ በየመንገዱ ዳር መቀመጫ አይጠፋም። ጎህ ሲቀድ ይውጡ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር ይመለሱ። አቀበት መጀመሪያ ላይ አይሞክሩ፣ ሕመሙ ቶሎ ይመጣል። ጁገል ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ ቁልቁለትና አቀበት በጣም በተቸገርን። በሸበጥ አይሂዱ። የተሸፈነ፣ ሰፋ ያለ ጫማ ይሁን። ከመልበሳቸው በፊት ውስጡን በእጅሽ ዳብሺው፣ ጠጠር ሊኖር ይችላል። ማታ እግራቸውን በጣቶቹ መሃል ሳይቀር እዪ። ውስጥ እግራቸውን በመስታወት ራሳቸው ማየት ይችላሉ።

አቦ ድሬ

አቦ፣ አባባንም ይዤ ነገ ከዚራ ነኝ። አባትሽ ብቻቸውን አይራመዱ፣ አብረው ይሂዱ። ወሬ ካለ መንገዱ ያጥራል።

አወዳይ መንገድ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አጎቴ ስኳር አለባቸው። እሳቸው ሲራመዱ አይደለም የሚያማቸው። ማታ ተኝተው ውስጥ እግራቸውን ያቃጥላቸዋል፣ ጉንዳን የሚሄድባቸው ይመስላቸዋል። ሜትፎርሚን ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ይህም የደም ቧንቧ ነው?

ፋርማሲስቷ

እንዲህ ከሆነ ቧንቧው ሳይሆን ነርቩ ሳይሆን አይቀርም። ስኳር ነርቭን ይጎዳል። ሜትፎርሚን ደግሞ ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ሊያወርድ ይችላል። የቢ12 ማነስም ይህንኑ ማቃጠልና መደንዘዝ ያመጣል። ለደም ዝውውር የሚሸጥ ምንም ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ለሐኪማቸው «ቢ12 ይታይልኝ» ይበሉ፣ የደም ምርመራ ነው። አንሶ ከተገኘ በመርፌ ወይም በእንክብል ይተካል። ሜትፎርሚኑን ግን አያቋርጡ። የእግራቸውን የደም ምትም በዚያው ያስዩ፣ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።